ባለቤቴ የኩላሊት እጥበት ላይ ነው፤ በእግዚአብሔር ፍቅር መታመን እንዴት ነው የሚደረገው?

የሁለት_ልጆች_እናት

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ለአንድ ሰው መናገር አለብኝ።

የባለቤቴ ኩላሊቶች ሥራ ካቆሙ ዓመት ከአራት ወር ሆናቸው። በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ታዞለታል። እኛ የቻልነው ሁለቱን ነው፣ ሰኞና ሐሙስ። ቅዳሜና እሑድ ፊቱ ያብጣል። ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል። በትራስ ደግፌው ቁጭ ብሎ ያድራል። እጥበቱን ሲጨርስ ደግሞ ጉልበቱ ይከዳዋል። ታክሲ ሰልፍ ላይ መቆም አይችልም። ለኮንትራት ስከፍል የልጆቹ ወተት ይቀራል።

ጎፋ አካባቢ ትንሽ ስፌት ቤት አለችኝ። እቁቤን ለምኜ አስቀድሜ ወሰድኩ። ወርቄን ሸጥኩ። እድራችን ሁለት ጊዜ አዋጥቶልኛል፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ለሦስተኛ ጊዜ ለመጠየቅ ግን ፊት አጣሁ። ልጆቼ ዘጠኝና አምስት ዓመታቸው ነው። ትልቋ ድሮ "አባዬ መቼ ነው የሚድነው?" ትለኝ ነበር። አሁን መጠየቁን ትታዋለች። ከሁሉ የሚያመኝ ይሄ ነው።

ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ሄጄ ተሳልኩ። ያን ቀን የሚነገረው የሠለስቱ ደቂቅ ታሪክ ነው። መልአኩ ከእሳቱ አወጣቸው። እኔ እዚያ አቧራው ላይ ተንበርክኬ አለቀስኩ። ተመለስኩ። ባለቤቴ አሁንም እሳቱ ውስጥ ነው።

ሰው ሁሉ "እምነት ይኑርሽ" ይለኛል። አንዱ ዘመዳችን "ንስሐ ግቡ፣ የተደበቀ ነገር ይኖራል" አለኝ። ሌላው ማሽኑን ትታችሁ ጠበል ግቡ አለን። "እምነት ይኑርሽ" ሲሉኝ የምሰማው "አንቺ ስላላመንሽ ነው ያልዳነው" የሚል ነው።

እግዚአብሔር የለም ብዬ አላውቅም። ያቃተኝ እሱ አይደለም። ያቃተኝ ይወደናል የሚለው ነው። ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ መናገር አፈርኩ።

እና ጥያቄዬ ይሄው ነው። በፍቅሩ መታመን፣ በመግቦቱ መታመን የሚባለው ምንድን ነው? ጠዋት ከአልጋ ተነስቶ በምን ይጀመራል? ጥቅስ አትላኩልኝ ማለቴ አይደለም። ጥቅስ ብቻ ልካችሁ ግን አትሂዱብኝ።

ነርስ_ነኝ

እህቴ፣ አይዞሽ። እጥበት ክፍል ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ቅዳሜና እሑድን ቁጭ ብለው የሚያድሩ ሰዎችን አውቃለሁ፣ ሚስቶቻቸውንም አውቃለሁ።

ከእምነቱ ወሬ በፊት አንድ ነገር ልበል። ማሽኑን ተዉ የሚላችሁን ሰው፣ ዘመድም ቢሆን፣ በፍጹም አትስሙት። ኩላሊት ሲያቆም ውኃውና ፖታሺየሙ ሰውነት ውስጥ ይከማቻል። ፖታሺየም ከልክ ሲያልፍ ልብን ሊያቆም ይችላል፣ ብዙ ምልክት ሳያሳይ።

ጠበሉን ተዉ አላልኩም። እኔም ተጠማቂ ነኝ። ግን ሲጠጣ በጉንጭ ይሁን። በጆግ የሚጠጣ ሕመምተኛ አይቻለሁ። ለእሱ ያ ውኃ መውጫ የለውም፣ ሳንባው ላይ ነው የሚሄደው። አንገቱ ላይ ካቴተር (የእጥበቱ ቱቦ) ካለውም ቦታው ውኃ እንዳይነካው። ፖታሺየም ለማሳነስ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ አቮካዶ ይቀነስለት። ድንች ከሆነ ተልጦ፣ ተከትፎ፣ ተቀቅሎ ውኃው ይደፋ። በጾም ወቅት ሽሮውና ምስሩም ስለሚበዛበት ሐኪሙን ጠይቂ። ለንስሐ አባታችሁም ንገሪ፤ ለሕመምተኛ ቤተ ክርስቲያን አታስጨንቅም።

ኤች አይ ቪ ብዙ ሰው በሚጨርስበት ዘመን እንጦጦ ጠበል የገባ ብዙ ሰው መድኃኒቱን ይተው ነበር። ያኔ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚገባ በአደባባይ ተናገሩ። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን ደግሞ ዛሬ ማታ ክፈችው። ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እሱ ነው ይላል። ስለዚህ ሰኞ ማለዳ ባለቤትሽን ማሽኑ ላይ ስታስተኚው ከእግዚአብሔር እጅ አላወጣሽውም።

ስለ ንቅለ ተከላም ጠይቂ። በአገራችን በ2008 ዓ.ም. በጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል። ለጋሹ ብዙውን ጊዜ የቅርብ ዘመድ ነው። ወንድም ወይም እህት አለው?

ጽኑ_እምነት

እህቴ ቃሌ እንዳይከብድሽ። እኔ ግን ያየሁትን መደበቅ አልችልም። እናቴ ሐኪም ተስፋ ቆርጦባት ጠበል ገባች። ዛሬ በሕይወት አለች። ሳንጠራጠር ስለጠየቅን ነው የተደረገልን። አንቺም ልብሽ ውስጥ ያለውን ጥርጣሬ አውጪው። ካመንሽ ይድናል። ይህን የምልሽ በፍቅር ነው።

ዝምታ

ጽኑ እምነት፣ ወንድሜ። እናትህ በመዳኗ ከልቤ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

እኔ የሦስት ዓመት ልጄን ቀብሬአለሁ። ሳልጠራጠር ጠይቄ ነበር። መሬት ላይ ተኝቼ ነው የጠየቅኩት። ከዚያ በኋላ "ትንሽ እምነት ቢኖርሽ" ያለችኝን ሴትዮ ድምፅ እስካሁን እሰማዋለሁ። ከሞቱ ይልቅ ከእግዚአብሔር ያራቀኝ የእሷ ቃል ነው። ሁለት ዓመት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አልረገጥኩም።

የሆነላችሁን መስክሩ። ያልሆነላት እናት ላይ ግን አታሸክሟት። "ምክንያት ይኖረዋል" ብላችሁም አትቸኩሉ። እኔ እስከ ዛሬ ምክንያቱን አላውቅም። ወደ ቤቱ የተመለስኩት ምክንያት አግኝቼ ሳይሆን ሌላ የማለቅስበት ቦታ ስላጣሁ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፣ ማልቀስሽ አለማመን አይደለም። ይህን ብቻ ልልሽ ነው የገባሁት።

አኩፋዳ

እህቴ ሆይ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልሽ። ጥያቄሽ "በምን ይጀመራል" የሚል ስለሆነ እኔ ከተማርኩበት ቦታ ልጀምር።

በዐሥራ ሁለት ዓመቴ ከቤት ወጥቼ ቅኔ ለመማር ጎጃም፣ ዋሸራ ገባሁ። የቆሎ ተማሪ ኑሮውን ታውቂዋለሽ። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከትምህርቱ በኋላ ወደ መንደር ይወርዳል። በየደጁ ቆሞ "በእንተ ስማ ለማርያም" ይላል። ማን እንደሚሰጥ አያውቅም። አንዱ ቤት ውሻ ይፈታብሻል። ቀጥሎ ያለው ቤት ከምጣድ የወጣ እንጀራ ያጥፉልሻል። ትናንት የሰጡ ዛሬ ላይኖራቸው ይችላል። ያን ሁሉ ዓመት የነገ ምሳዬን ቀን ቆርጬ አውቄው አላውቅም። ግን አድጌ ይኸው እጽፍልሻለሁ።

አሁን የማይነገረውን ልንገርሽ። አኩፋዳችን ባዶ የሚመለስበት ቀን ነበር። ክረምት ወንዝ ይሞላል፣ መንደር መውረድ አይቻልም። ለዚያ ቀን ብለን ከተረፈው እንጀራ ድርቆሽ እናደርግ ነበር። ፀሐይ ላይ አድርቀን በከረጢት እንሰቅላለን። መምህራችን አንድም ቀን "ድርቆሽ ያደረቀ በእግዚአብሔር አልታመነም" ብለው አያውቁም። የእኔ ድርቆሽ ሲያልቅ ከጓደኛዬ በውኃ አርሼ እበላለሁ። በሌላ ቀን እሱ ከእኔ። መግቦት የሚለውን ቃል በመጽሐፍ ከማግኘቴ በፊት ያወቅኩት በዚያ እርጥብ ድርቆሽ ነው።

ስለዚህ እቁብሽን አስቀድመሽ መውሰድሽ፣ ወርቅሽን መሸጥሽ፣ ማሽኑን መያዝሽ ድርቆሽሽ ነው። ከእምነት ጋር አይጣላም። አቅም ያለው ሰው ተኝቶ "እሱ ያውቃል" ቢል ግን መታመን አይባልም፣ ስንፍና ነው።

ስለ ቁልቢው ነገር። ያን ታሪክ በዓል ሲሆን ከመጨረሻው ነው የምናስታውሰው። ዳንኤል ምዕራፍ 3ን ግን ከቁጥር 17 ጀምረሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው። ሦስቱ ልጆች ለንጉሡ "አምላካችን ሊያድነን ይችላል" አሉት። እዚያ ላይ አላቆሙም። "ባያድነንም" ብለው ቀጠሉ። ባያድነንም ለጣዖትህ አንሰግድም። መልአኩ መምጣቱን ሳያውቁ ነው ይህን ያሉት። እሳቱም ሳይገቡበት አልጠፋላቸውም። ገብተው ነው አራተኛው፣ መልአኩ፣ አብሯቸው የታየው። እምነታቸው ያለው ሲወጡ አይደለም፣ "ባያድነንም" ባሉበት ሰዓት ነው።

አንቺ ባለቤትሽ እሳቱ ውስጥ እንዳለ ጻፍሽ። እኔ ደግሞ በየሰኞው በሌሊት ተነስተሽ ደግፈሽ የምታወጪውን ሴት እያየሁ ነው። አራተኛውን ለማየት ብዙ ርቀሽ አትሂጂ።

አንድ ልመና አለኝ። የክርስትና ስሙን በውስጥ መስመር ላኪልኝ። በቅዳሴ እንጠራዋለን።

የሁለት_ልጆች_እናት

አባቴ፣ "ባያድነንም" የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ ሰምቼው ኖሯል፤ ዛሬ ገና ሰማሁት። ስሙን ልኬልዎታለሁ።

ዝምታ፣ እህቴ፣ ላንቺ ምን እንደምል አላውቅም። አንብቤሽ ልብስ እየሰፋሁ አለቀስኩ። ደንበኛዬ ደንግጣ ውኃ አመጣችልኝ።

ነርስ፣ ስለ ጠበሉ መጠን ማንም ነግሮን አያውቅም። እኛ ጠዋትና ማታ በትልቅ ብርጭቆ ነበር የምንሰጠው። ለካ እሑድ እሑድ የሚብስበት ለዚህም ኖሯል። ወንድም አለው፣ ደብረ ብርሃን። እስካሁን ለመጠየቅ ፈርተን ነው። የሰውን ኩላሊት እንዴት ይጠይቁታል?

ነርስ_ነኝ

አትጠይቁት። ንገሩት ብቻ። "ሐኪም እንዲህ ብሎናል" በሉት። መርምረው የማይሆን ከሆነ ራሳቸው ሐኪሞቹ አይሆንም ይላሉ፣ የሰጪውንም ጤና አይተው ነው የሚወስኑት። ወንድሙ መወሰኛ ዕድል ሳያገኝ እናንተ አትወስኑበት።

ዮርዳኖስ_ማዶ

እኔ የመካነ ኢየሱስ ልጅ ነኝ። የመሪጌታን፣ የአኩፋዳን፣ ጽሑፍ አንብቤ አሜን ብያለሁ። ከእኛ ወገን አንድ ነገር ልጨምር፣ "እምነት ካለ ይድናል" የሚለው እኛም ዘንድ ብዙ ሰው ስለሰበረ ነው።

ዕብራውያን 11ን ሁላችንም የእምነት ጀግኖች ምዕራፍ እንለዋለን። ቁጥር 34 ላይ በእምነት ከሰይፍ ስለት ያመለጡ አሉ። ቁጥር 37 ላይ ደግሞ በሰይፍ የተገደሉ አሉ። ያው ምዕራፍ ነው፣ ያው እምነት ነው። ሐዋርያው የሁለተኞቹን እምነት ጎደሎ ነው አላለም። እንዲያውም ዓለም አልተገባቸውም ይላል።

ይህ በእኛ አገርም ሆኗል። ቄስ ጉዲና ቱምሳ የቤተ ክርስቲያናችን ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው ሕዝቤን ትቼ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ከአምልኮ ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ፣ ተገደሉም። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳ ዐሥር ዓመት ታሰሩ። በዚያው ዓመት የኦርቶዶክስ ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስም በደርግ ተገደሉ። የሁለቱም አስከሬን የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። የሁለቱን ቤተ ክርስቲያን አባቶች አንድ ዓመት፣ አንድ እጅ ገደላቸው። ሁለቱም እንዲድኑ የጸለየ ሕዝብ ነበራቸው። እግዚአብሔር አልወደዳቸውም የሚል ማን አለ?

"የተደበቀ ኃጢአት ይኖራል" ላለሽ ዘመድ ደግሞ ሉቃስ 13 አለልሽ። በሰሊሆም ግንብ ወድቆ ዐሥራ ስምንት ሰው ገደለ። ጌታ ጠየቃቸው፣ እነዚያ በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች ይመስሏችኋል? ራሱ መለሰ፣ አይደለም። ንስሐ ለሁላችንም ነው፣ ግንቡ ለወደቀበት ሰው ብቻ አይደለም።

ለእኔ ከሁሉ የሚከብደኝ ዮሐንስ 11 ነው። ጌታ አልዓዛርን ሊያስነሳው እንደሆነ ያውቃል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሊጠራው ነው። ሆኖም እንባውን አፈሰሰ። "ቆይ አታልቅሱ፣ አሁን ታያላችሁ" አላለም። መጨረሻውን የሚያውቀው እሱ ካለቀሰ፣ መጨረሻውን የማናውቀው እኛ ብናለቅስ ምን ይገርማል? ፍቅሩን የማየው እዚያ እንባ ላይ ነው። ተአምሩን ገና ሳላይ።

ጽኑ እምነት፣ ወንድሜ፣ አንተን ለመውቀስ አይደለም። ምስክርነትህ እውነት ነው። የእነዚያም ምስክርነት እውነት ነው።

ጽኑ_እምነት

ትናንት ማታ ዝምታ የጻፈችውን አንብቤ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እህቴ፣ ይቅርታ። እናቴን ጠየቅኳት፣ "አንቺ ያኔ ሳትጠራጠሪ ነው የጠየቅሽው?" ብዬ። "ኧረ ልጄ፣ በየቀኑ እየፈራሁ ነበር" አለችኝ። ለካ ያልተጠራጠርኩት እኔ ነኝ፣ የታመመችው ግን እሷ ነበረች።

የሁለት ልጆች እናት፣ አንቺንም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ዝምታ

ይቅር ይበለን። እናትህን ሳምልኝ።

ከጅዳ

ሰላም እህቶቼ። እኔ ጅዳ ነኝ፣ በሰው ቤት ሥራ ስድስተኛ ዓመቴ። እዚህ ቤተ ክርስቲያን የለም። መስቀሌን አውልቄ ሻንጣ ውስጥ ነው ያስቀመጥኩት። ቅዳሴ የምሰማው በስልክ ነው፣ አንድ ጆሮ ላይ፣ ሰሃን እያጠብኩ።

ላንቺ የሚረዳሽ አንድ ነገር አለኝ። በቅዳሴ መጀመሪያ ካህኑ "ነአኩቶ" ብለው የሚያመሰግኑትን ታውቂያለሽ። ሰውሮናልና፣ ረድቶናልና፣ ጠብቆናልና ይላል። መጨረሻው "አብጽሐነ እስከ ዛቲ ሰዓት" ነው። እስከዚህች ሰዓት አድርሶናል። አገር ቤት እያለሁ ይህን ቃል ሰምቼው አላውቅም ማለት ይቻላል። ቆሜ እሰማው ነበር እንጂ።

እዚህ የመጀመሪያው ዓመት እጅግ ከባድ ነበር። ስለ ነገ ሳስብ አእምሮዬ ይቆልፋል። ኮንትራቱ መቼ ያልቃል፣ ደሞዜን ይሰጡኝ ይሆን፣ እናቴን በሕይወት አገኛት ይሆን። ማታ ወለል ላይ ተኝቼ ወደፊት መሄድ ሲያቅተኝ ወደ ኋላ መቁጠር ጀመርኩ። ዛሬ ጠዋት ተነሳሁ። ማንም አልመታኝም። የጎረቤቷ ሠራተኛ፣ የኬንያ ልጅ ናት፣ በመስኮት ፈገግ አለችልኝ። ሻይ ጠጣሁ። አብጽሐነ እስከ ዛቲ ሰዓት። ከዚህች ሰዓት ወዲያ ያለውን አልነካውም።

ይወደኛል ወይ ብዬ ስለ ሕይወቴ በሙሉ ስጠይቅ መልስ የለኝም። ስለ ዛሬ ስጠይቅ ግን ብዙ ቀን አንድ ነገር አገኛለሁ። የማላገኝበትም ቀን አለ። ያን ቀን ቃሉን ብቻ ብዬ እተኛለሁ።

በዚህ ወር መጨረሻ ትንሽ ነገር እልክልሻለሁ። ትንሽ ናት። እንቢ አትበይኝ።

አያቴ_እንዳለችው

እኔ የምጽፈው አያቴ ያለችውን ነው። ክሩን ሙሉውን አነበብኩላት፣ ሁለት ጊዜ አስቁማኝ ነጠላዋን ወደ ዐይኗ ወሰደች። የወሎ ሰው ናት። በ77ቱ ድርቅ ኮረም መጠለያ ነበረች።

እንዲህ ብላለች፦ "ልጄ፣ እኛ አገር 'የከፈተውን ጉሮሮ ሳይዘጋው አያድርም' ይባላል። እኔም ልጅ ሆኜ እለው ነበር። ኮረም ግን ሳይዘጋ ያደረ ጉሮሮ አይቻለሁ። ሁለት ወንድሞቼን እዚያ ነው የተውኩት። ከዚያ ወዲህ ይህን ተረት በሰው ፊት እንዲሁ አልተርተውም። የተራበ ሰው ቢሰማኝ ምን ይለኛል?

"ግን እኔ እዚህ አለሁ። አንዲት የማላውቃት ሴት የልጇን ድርሻ ለሁለት ከፍላ ሰጠችኝ። ልጇ እያየ። ስሟን አልነገረችኝም። እግዜር ወንድሞቼን ለምን አልደረሰላቸውም ብዬ ስጠይቀው አርባ ዓመት ሆነኝ፣ ስደርስ እሱን ፊት ለፊት እጠይቀዋለሁ። ያችን ሴት ማን ላካት ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም። እሱን አውቀዋለሁ።

"ለዚያች ልጅ ንገሪያት። እድሩን ሦስተኛ ጊዜ ለመጠየቅ አትፈሪ በያት። እኔ ያን ጊዜ ባፍር ኖሮ ሞቼ ነበር። የምትሰጠውም ሴት ሳትሰጥ ትቀር ነበር። ለሷም በረከት ነው።"

ያለችው ይሄን ነው። አንድም ቃል አልጨመርኩም።

አኩፋዳ

እናታችን እጅግ ትልቅ ቃል ተናገሩ። ዕድሜ ይስጥልን።

በደጅ ቆሞ መለመን ለእኛ ትምህርት ነበር። አንዳንዱ ተማሪ የደህና ቤት ልጅ ነው፤ ስንቅ ሊላክለት ይችላል። እሱም ይለምናል። ለምን ሲባል፣ ከሰው እጅ መቀበልን ያልለመደ ሰው ከእግዚአብሔር እጅ መቀበል ይከብደዋል ይባላል። መስጠት እኮ ቀላል ነው፣ ቁመሽ ነው የምትሰጪው። መቀበል ጎንበስ ያሰኛል።

እህቴ፣ የዕለት እንጀራችንን ስጠን ስንል "ስጠኝ" አይደለም የምንለው። "ስጠን" ነው። የጎረቤትሽ ጸሎት ውስጥ የአንቺም እንጀራ አለ።

የሁለት_ልጆች_እናት

ከሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ተአምር ልናገር አይደለም። ባለቤቴ እንዳለ ነው። ግን የሆነውን ልንገራችሁ።

የጠበሉን መጠን ቀነስን። ሰኞ ሲመዘን ክብደቱ ካለፈው ሰኞ በሁለት ኪሎ ያነሰ ነበር። ያን እሑድ ሌሊት ጋደም ብሎ ተኛ። ተኝቶ ሳየው ፈርቼ ትንፋሹን አዳመጥኩ። ደህና ነበር።

የንስሐ አባቴ ቤት ሄድኩ። "አባቴ፣ ይወደናል የሚለውን ማመን አቃተኝ" አልኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ "ይህን ለእሱ ነግረሽዋል?" አሉኝ። አልነገርኩትም። እንዳይሰማ ብዬ ደብቄው ኖሬአለሁ። እዚያው አብረን ቆመን ነገርኩት። ሌላ ጸሎት አልጨመርኩበትም።

እድሩን ገና አልጠየቅኩም። ለዳኛችን ሚስት ግን ነገርኳት። "እኛ እኮ አንቺ እስክትጠይቂ እየጠበቅን ነው፣ እንዳናሳፍርሽ ብለን" አለችኝ።

ለደብረ ብርሃኑ ወንድሙ ደውለናል። "ለምን እስከ ዛሬ?" ብሎ ተቆጣ። ለምርመራ ይመጣል። ይስማማ አይስማማ አናውቅም። ባለቤቴ ስልኩን ዘግቶ ብዙ ሰዓት አልተናገረም።

ማታ ማታ ከልጆቼ ጋር የጅዳዋን እህቴን ቃል እንላለን። ትልቋ ትቆጥራለች። ትናንት "አባዬ ዛሬ ሳቀ" አለች። ከዚያ "ነገስ?" ብላ ጠየቀችኝ። መጠየቅ ጀምራለች። "ነገን አላውቅም ልጄ" አልኳት። ሌላ ማለት አልቻልኩም፣ እሷም አልፈለገችም። ትንሿ "እስከ ዛቲ ሰዓት" የሚለውን ጮክ ብላ ዘጋችው።

ዝምታ

ቁጠሪ እህቴ። እኔም ዛሬ ማታ እቆጥራለሁ።

የጎፋ_ልጅ

ክሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ ሳነብ ነበር። መናገር አልችልበትም፣ ጥቅስም ብዙ አላውቅም። ታክሲ እነዳለሁ። ሌሊት ሥራ ጀምሬ ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት በጎፋ ማዞሪያ ነው የማልፈው፣ ባዶዬን። ሰኞና ሐሙስ ባለቤትሽን እኔ ላድርሰው። ሲጨርስም እመጣለሁ። ሂሳብ እንዳታነሺብኝ፣ መንገዴ ነው። ስልኬን በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ። ሐሙስ በስንት ሰዓት ልምጣ?

የሁለት_ልጆች_እናት

11 ተኩል ላይ። እሱ ቀድሞ ይወጣል፣ ደረጃው ላይ ጋቢ ለብሶ ተቀምጦ ታገኘዋለህ።